ብረትን ከብረት ማዳን፦ የድራም ስታንዶቼን ከቱሉ ዲምቱ ሠርግ ቤት የማደርስበት መንገድ

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ መተዳደሪያዬ ቅዳሜና እሑድ በሠርግ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ሲገኝ በሆቴል ድራም መምታት ነው። ድራመኛ ሲባል ሰው የሚያስበው ክቡንና ቆዳ የተወጠረበትን ዕቃ ነው፤ እኔን ላለፉት ዓመታት ሲያደክመኝ የኖረው ግን ድራሙ ሳይሆን ድራሙን የሚያቆመው ብረት ነው። ሦስት የሲምባል (በዱላ የሚመታው ክብ የብረት ሳህን) ስታንድ፣ አንድ የስኔር (ከፊት የሚቀመጠው ትንሹ ድራም) ስታንድ፣ አንድ የሃይሃት (በእግር ፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) ስታንድ፣ ትልቁ ድራም በእግር የሚመታበት የኪክ ፔዳልና ወንበር፤ እነዚህን ሁሉ አንድ ቀን ሠፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ወስጄ ባስመዝናቸው 27 ኪሎ ሆኑ። ባለ ወፍጮውም «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት እህል ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብረቶቹን የማጓጉዘው በሁለት ማዳበሪያ ከትቼ፣ አፉን በሲባጎ አስሬ፣ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ በማስጫን ነበር። ማዳበሪያ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ሲቀደድም አያሳዝንም፤ ችግሩ ግን የስታንዱ እግር በመንገዱ ንዝረት ቀስ በቀስ እየሰረሰረ ለራሱ መውጫ ማበጀቱ ነው። አንድ የግንቦት እሑድ ወደ ሱሉልታ ለሠርግ ስንሄድ አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ከመጀመራችን ዝናብ ያዘን። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ስንደርስ አንደኛው ማዳበሪያ ከታች ጥጉ ላይ ተቀዶ፣ የሃይሃቱ መጎተቻ ዘንግ ጎብጦ፣ ክላቹ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ አገኘሁት።

ክላች ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ሥራው የላይኛውን ሲምባል በዘንጉ ላይ ቆንጥጦ መያዝ ስለሆነ፣ እሱ ከሌለ ፔዳሉን ቢረግጡትም ዘንጉ ብቻ ይወርዳል እንጂ ሲምባሉ አይንቀሳቀስም። የሠርግ ጭፈራ ደግሞ የሚቆመው በችክችካ ላይ ነው፤ ችክችካ ያለ ሃይሃት እንዴት እንደሚመታ ያን ምሽት ተማርሁ ማለት ይቻላል። የላይኛውን ሲምባል ሳላስረው በታችኛው ላይ አስቀምጬ፣ በየዘፈኑ መሐል በግራ እጄ ወደ ቦታው እየመለስሁ፣ አንድም ጊዜ ሳልከፍተው ሌሊቱን ገፋሁት። ከሙሽራው ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይህ ነገርህ ዛሬ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉኝ፤ እኔም «አዎ አባቴ፣ ዝናብ መትቶት ነው» ብዬ አለፍሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥሁ። መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ ማዕዘኑ በአንግል ብረት የተበየደ፣ ጎኑ በጣውላ የተሸፈነ፣ ከታች አራት ጎማ ያለው ሳጥን አሠራሁ። ሳጥኑ በእውነት ያምር ነበር፤ ባዶውን ግን 22 ኪሎ መዘነ፤ ብረቶቹ ሲገቡበት 49 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ጎማው በአስፋልት ላይ እንጂ በኮብልስቶንና በጭቃ አይሽከረከርም፤ የደረጃችን መታጠፊያም ለሳጥኑ ጠባብ ስለነበር ሁለት ሰው ሆነን በአንድ ጎኑ አቁመን ነበር የምናሳልፈው። ሠፈር ውስጥ ያሉት ጫኝና አውራጆችም ማዳበሪያውን አይተው ምንም ያላሉትን ያህል፣ ሳጥኑን ሲያዩ «ይህማ የቤት ዕቃ ነው» ብለው ለማውረድም ለማውጣትም ዋጋ ይጠይቁኝ ጀመር። የራሱ ፒካፕ ያለው ወይም ዕቃውን አንድ ሆቴል ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ቢጠቀም አልቃወምም፤ በሰው ትከሻና በደረጃ ለሚጓዝ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉም ያናደደኝ ሳጥኑ ውስጥ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ከማዳበሪያው የባሰ መጫጫራቸው ነበር። ሲዘጋ ስለማይታየኝ ደኅና ናቸው ብዬ አምን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከቃሊቲ ነው። የከባድ መኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ጠንካራ ቦርሳ እንዲሠሩልኝ ስጠይቃቸው፣ ስታንዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና የተጫጫረውን ቦታ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ የእኔ ሸራ ከዝናብና ከአቧራ ያድንልሃል፤ ብረትህን ከብረትህ ግን አያድንልህም» አሉ። «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?» ስላቸው «ልብስ አልብሰው እንጂ! የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እንኳ ልብስ አለው» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ቤት እንደገባሁ ያረጁ የጂንስ ሱሪዎቼን ሰበሰብሁ። የአንድ ሱሪ እግር አንድ የታጠፈ ስታንድ በልኩ ይውጣል፤ የታችኛውን ጫፍ በወፍራም ክር ሰፍቼ፣ በላይኛው በኩል ደግሞ የጫማ ማሰሪያ አስገብቼ እንዲጠበቅ አደረግሁት። ከሁለት ሱሪ አራት፣ ከሦስተኛው አንድ፣ በአጠቃላይ አምስት ልብስ ወጣኝ። ጂንሱ ወፍራም ስለሆነ ግጭቱን ያበርዳል፤ ሲቆሽሽም ይታጠባል።

ከዚያ ለአዛውንቱ ያዘዝኋቸውን የሸራ ቦርሳዎች ሁለት ያደረግኋቸው ክብደቱን ለመክፈል ነው፤ በሁለት ትከሻ ተንጠልጥለው ያለ ረዳት አራት ፎቅ የሚወርዱ። ሲታጠፍ ረጅሙ ስታንዴ 84 ሳንቲሜትር ስለሆነ የቦርሳውን ርዝመት 90 አድርጌ አዘዝሁ። ሰፋ ያለ ቦርሳ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ብረቱ ውስጡ የሚሮጥበት ቦታ ካገኘ በየፍሬኑ ጫፉን እየደበደበ ይበሳዋል። ወለሉንና ሁለቱን ጫፎች በከባድ መኪና ከመነዳሪ ላስቲክ አስለበስን። መንጠልጠያው ደግሞ በቦርሳው አፍ ላይ ብቻ የተሰፋ ሳይሆን በሥሩ ዞሮ የሚመለስ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ስፌቱ ሳይሆን ቀበቶው ራሱ ነው። ለዚህ ነጥብ አዛውንቱን ሁለት ጊዜ አስፈትቻቸዋለሁ፤ አልተቆጡኝም።

ከቦርሳው እኩል የጠቀመኝ አፈታቱን በሥርዓት ማድረጌ ነው። ሲምባሉን ካወረድሁ በኋላ የሱፍ ሮንዴላዎቹንና ባለክንፍ ዳዶውን እዚያው ስታንዱ ጫፍ ላይ መልሼ አስራቸዋለሁ፤ በኪሴ የከተትሁት ዳዶ ተመልሶ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። የሃይሃቱን መጎተቻ ዘንግ ፈትቼ ከስታንዱ ጎን በዚያው ልብስ ውስጥ አስተኛዋለሁ። ክላቹ፣ የድራም ቁልፉና መለዋወጫዎቹ በስፖንጅ በተሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ይገባሉ። የሲምባል ስታንድ ጫፍ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ወይ 8 ወይ 6 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔዎቹ በየጊዜው የተገዙና የተቀላቀሉ ስለሆኑ ከሁለቱም ልክ መጠባበቂያ እይዛለሁ፤ ከብረታ ብረት መሸጫ የተገዛ ተራ ባለክንፍ ዳዶ እስካሁን አላሳፈረኝም። ሲምባሉ ከስታንዱ ብረት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ የሚያደርገው ትንሽ ላስቲክ ሲያልቅም የነዳጅ ቱቦ በልኩ ቆርጬ እተካለሁ፤ ያ ላስቲክ ችላ ከተባለ የሲምባሉ ቀዳዳ በጥርሱ እየተበላ ሞላላ ይሆናል።

የስታንዶቹን ቁመት ቀድሞ በፕላስተር ነበር የማመለክተው፤ ማጣበቂያው በፀሐይ እየቀለጠ አቧራ ስለሚሰበስብ አሁን በእኅቴ የጥፍር ቀለም ጠባብ መስመር አሰምርበታለሁ። ቀይ ለቀኝ፣ ሐምራዊ ለግራ። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው ሳለ ድራም የሚገጥም ሰው ብቻ የዚህ መስመር ጥቅም ይገባዋል። የማጥበቂያውን ዳዶ በፒንሳ ማጥበቅ ግን ትቻለሁ፤ በቱቦው መጋጠሚያ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ሰንጥቄ አንድ ስታንድ አበላሽቻለሁና።

ፖርቶመጋላ ላይ ብረት አልጭንም። ከኪቦርድ ተጫዋቹና ከሳክስፎኒስቱ ጋር ተዋጥተን ሚኒባስ ስንኮናተር መጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ ቦርሳዎች ናቸው፤ ወለሉ ላይ ተኝተው፣ ከወንበሩ እግር ጋር በገመድ ታስረው ይጓዛሉ። ድራሞቹ ከእነሱ በላይ ይሆናሉ እንጂ ብረት በድራም ላይ አይጫንም። ሊረዳን የመጣ የሠርግ ቤት ጎረምሳ ቦርሳውን በአንድ እጁ መንጭቆ ሲያነሳ ወገቡ እንደሚከዳው ስለማውቅ ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለስታንድም ይሠራል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ መድረስ ለዕቃው ዕረፍት ነው፤ ሱሉልታና ቡራዩ ስንጠራ ግን እስራቱን በየመሐሉ ወርጄ አያለሁ።

የክረምቱ ነገር ለብቻው ነው። ክሮም ራሱ አይዝግም፤ ነገር ግን በስታንድ ላይ ያለው የክሮም ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ስስ ስለሆነ፣ እርጥበት በጭረቱ ሰርጎ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላዋል። ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ የታየኝን ዝገት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግሁት፤ ለአንድ ሳምንት አበራ፤ ከዚያ ዝገቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። አሁን የምጠቀመው የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው፤ ጨምድዶ ውሃ ነክሮ በቀስታ ሲፈተግ ቀላሉን ዝገት ያነሣዋል፤ ከዚያ አድርቄ የመኪና ሰም እቀባዋለሁ። ብርድ ላይ ያደረ ብረት ሰው የሞላበት ሙቅ አዳራሽ ሲገባ ላብ እንደሚያወጣም ስላየሁ፣ ከሠርግ የቱንም ያህል ደክሞኝ ብመለስ ቦርሳዎቹን ዘግቼ አልተኛም፤ ዚፑን ከፍቼ ልብሶቹን በረንዳ ላይ አሰጣለሁ። ሸራ ዝናብ እንዳያስገባ ሆኖ እንደተሠራ ሁሉ የገባውን እርጥበትም አያስወጣም።

ዋናውን ጥገና የማደርገው በሁዳዴ ነው፤ ሠርግ ስለሌለ 55 ቀን ሙሉ ጊዜ አለኝ። ዳዶዎቹን ሁሉ ፈትቼ እጠርጋለሁ፤ የፔዳሉን ሰንሰለት በስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ነክቼ ትርፉን በጨርቅ አደርቃለሁ፤ ዘይት ከሠፈራችን አቧራ ጋር ሲገናኝ እንደ ሞረድ ስለሚበላ ማድረቁ ከመቀባቱ ይበልጣል። የጂንስ ልብሶቹንም በዚያን ጊዜ አጥቤ የተቀደደውን እጠግናለሁ።

ያልተፈታ ነገር ቢኖር ወንበሩ ነው። መቀመጫው ክብና ወፍራም ስለሆነ ከሁለቱም ቦርሳ አይገባም፤ ልኩን ለአዛውንቱ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እስኪደርስ ድረስ ግን እግሩ ከአንዱ ቦርሳ ጋር ይሄዳል፣ መቀመጫው ደግሞ እንደ ጥንቱ በማዳበሪያ ይጓዛል።