ሞጆ ላይ የበራው ቀይ መብራት

የቱሉ ዲምቱን የክፍያ በር ካለፉ በኋላ እግር መፍታት ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያረጀ መኪና የያዘ ሰው የሞተሩን ጉድ የሚያውቀው እዚህ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ የምትውል መኪና፣ እዚህ ሞተሯ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ሳታርፍ ትሮጣለች።

የኔዋ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ፎር ኤ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነቷን አሮጌ መኪና የሚንቃት ሰው የለም።

ሞጆ አካባቢ ስንደርስ የዘይት ግፊት ሲወርድ የሚበራው፣ የዘይት ጣሳ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ብልጭ አለ። ጠፋ። ደግሞ በራ። ለሠርግ ሱፉን ለብሶ አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ “ሴንሰር ነው ባክህ፣ ንዳት” አለኝ። ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ግን ይሄ መብራት ቀልድ አያውቅም። ዘይት ካልደረሳቸው ብሮንዚኖቹ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተበልተው ያልቃሉ። ዳር ይዤ አጠፋኋት።

ዘይቱ እስኪወርድ ትንሽ ጠበቅን። መለኪያውን አውጥቼ ጠረግኩት፣ መልሼ ከተትኩት፣ እንደገና አወጣሁት። ዘይቱ ልክ ነው። ስናስነሳት መብራቱ ወዲያው ጠፋ። ከ80 ሳላልፍ በቀኝ በኩል እየነዳሁ አዳማ ገባን።

አዳማ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሙቀቱ መስኮት ስትከፍት ፊትህን ይመታሃል። ፍራንኮ አካባቢ በባጃጅ ተከበን ቆምን። ሞተሩ ግሏል፣ ቤንዚን ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ነው፤ መብራቱ ግን ጭራሽ አልበራም። ይሄ ነገር ገረመኝ።

ኮፋኖ ከከፈትክ ደግሞ መካሪ አታጣም። አንድ የባጃጅ ሹፌር “ወፍራም ዘይት ጨምርባት ወንድሜ፣ 20/50፤ በቃ” አለኝ። የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ልጅ ግፊት ይጨምራል ያለውን አንድ ጠርሙስ አዲቲቭ ይዞ መጣ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሞተሩን የለካ ግን የለም።

የሄድንበት ጋራዥ መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ኮፋኖውን ሳይነኩ ጠየቁኝ።

“መቼ ነው የሚበራው ልጄ? ስትቆም ነው ወይስ ስትነዳ?”

“ስነዳ ነው ጋሼ። ፍጥነት ስጨምር።”

“እንግዲያው ብሮንዚን አይመስለኝም። ብሮንዚን ሲያልቅ ሞተሩ ግሎ ስትቆም ነው የሚያበራው።”

ከፊልትሮው አጠገብ ያለውን የዘይት ሴንሰር ፈቱና በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰሩ። ሚኒሞ ላይ 0.8 ባር አሳየ። ለዚህ ሞተር ሚኒሞ ላይ 0.3 ባር ካለ ይበቃል። ከዚያ ቤንዚን ሰጥተው 3,000 ዙር ላይ ያዟት። 2.5 ባርና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ቀስቱ ወደ 3 ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቷል ማለት ነው።

ከሥር ያለውን የዘይት ቋት አወረዱት። የዘይት መሳቢያው ወንፊት በቀይ የማሸጊያ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተዘግቷል። አንዱን በጣቴ ነቀልኩት፤ ረዘም ያለ፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ ነው። ከዚህ በፊት ቋቱን የገጠመው ሰው ሲሊኮኑን ያለ ልክ ቀብቶታል። የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ እየተቆረጠ ወንፊቱ ላይ ተሰበሰበ። ስንቆም ቁርጥራጩ ከወንፊቱ ላይ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው መብራቱ የሚጠፋው። እዚህ ላይ 20/50 ብጨምር ኖሮ ፓምፑ የባሰ ይቸገር ነበር። ወፍራም ዘይት በተዘጋ ወንፊት ያልፋል እንዴ?

ወንፊቱን በቤንዚን አጠቡ፣ የድሮውን ሲሊኮን ፍቀው አነሱ፣ አዲሱን 3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀጭን መስመር ቀቡ። እስኪደርቅ ቡና ጠጣን።

ዘይት ላይ ትንሽ ተከራከርን። የመጀመሪያው ቁጥር ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው 100 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት ነው የሚነግርህ። እሳቸው “ሚኒሞ ላይ 0.8 የያዘ ሞተር 50 ምን ያደርግለታል?” አሉ። 20/50 ብሮንዚኑ ለሰፋ፣ ዘይት ለሚበላ ሞተር ጊዜ መግዣ ነው፤ የኔዋ ገና እዚያ አልደረሰችም። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድም አሰብን። 10/40 ገባላት፣ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር። ጌጁ 3,000 ዙር ላይ 3.4 ባር ይዞ ቀጥ አለ።

“1,000 ኪሎ ሜትር ሄደህ ፊልትሮውን ድገመው” አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። “የቀረ ሲሊኮን ካለ እዚያ ታገኘዋለህ።” አዲቲቩን ወደ ሱቁ መለስነው።

ሠርጉ ቤት ስንደርስ ኬክ ተቆርሶ አልቋል። አጎታችን የዘገየንበትን ምክንያት ሰምተው፣ ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ፣ “20/50 ነበር ማድረግ” አሉ።