ፓይተን ስትጀምሩ የአማርኛ ፋይል ጉዳይ፦ ቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ የነበረ

ጅምሩ ቀላል ነው። ፓይተን 3 የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አውርዱ፤ ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ እንዲጨመር የምትጠይቀው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ፓይተንን አያገኘውም። ከዚያ ቫሪያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን የሚባሉትን መሠረታዊ ነገሮች ተማሩ። እኔም የተማርኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ለዚህ የሚሆን ትምህርት እንደ ልብ ይገኛል።

እስካሁን የሚያናድደኝ ፋይል ማንበብ ላይ ያለው ነው። የተከታተልኳቸው ትምህርቶች ምሳሌያቸው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለነበር ነገሩን በአንድ መስመር ያልፉታል። የስም ዝርዝራችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ፋይሉን ለመክፈት በፓይተን "ኦፕን" ስትሉ ግን "ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር" የሚል የስህተት መልእክት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጀማሪ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ ይህ ፊደልን ወደ ባይት (ኮምፒውተሩ ወደሚያስቀምጣቸው ቁጥሮች) የሚቀይር አሠራር፣ ማለትም ኢንኮዲንግ ነው፤ በዚህ አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፓይተን ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው የዊንዶውሱን ነባሪ ይወስዳል፤ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ይህ ሲፒ1252 የተባለ ለላቲን ፊደላት የተሠራ ኢንኮዲንግ ነው። እሱ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ያነባል። ስለዚህ "ከበደ" ያለ ስህተት መልእክት ያልፋል፤ የሚወጣው ግን 9 ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። "አልማዝ" ላይ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ሲፒ1252 ውስጥ 5 ባይቶች ባዶ (ምልክት ያልተሰጣቸው) ናቸው፣ የ"ል" መጨረሻ ባይት ከነሱ አንዱ ነው። "ም" እና "ነ"ም እንዲሁ፤ አራት ነጥብም ጭምር። አንዱ ፋይል ተከፍቶ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው፦ "ኦፕን" ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ፤ ስታነቡም ስትጽፉም፣ ሁልጊዜ። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ተወስኗል፤ እናንተ ግን ጻፉት፤ ኮዳችሁ የቆየ ስሪት ባለው ኮምፒውተር ላይም መሥራቱ አይቀርም።

"ኢንኮዲንጉን ላቲን-1 (ሌላ የላቲን ፊደላት ኢንኮዲንግ) አድርገው፣ ስህተቱ ይጠፋል" የሚሏችሁን አትስሙ። መልእክቱ ይጠፋል፤ ጽሑፉ ግን እንደተበላሸ ነው። ያን የተበላሸ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 ካስቀመጣችሁት ብልሽቱ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ያኔም ተስፋ አትቁረጡ፦ የተበላሸውን ጽሑፍ በላቲን-1 ኢንኮድ አድርጋችሁ (ወደ ባይት ቀይራችሁ) በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ ብታደርጉት (ወደ ፊደል ብትመልሱት) አማርኛው ይመለሳል።

የማይመለሰው ሌላ ነው። ፋይል በ"ደብልዩ"፣ ማለትም ለመጻፍ፣ ስትከፍቱ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍ የነበረው ይዘት ይደመሰሳል። ኢንኮዲንጉ ስላልተነገረው አማርኛውን መጻፍ ሲያቅተው ፕሮግራሙ ይቆማል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ባዶ ፋይል ነው። ስለዚህ ውጤቱን ምንጊዜም በሌላ ስም አስቀምጡ፤ ዋናውን አትንኩ።

ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይል) አዘጋጅታችሁ በኤክሴል የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ ስትጽፉ ኢንኮዲንጉን "ዩቲኤፍ-8-ሲግ" በሉ። መጀመሪያው ላይ 3 ባይት መለያ ይጨምርለታል፤ ኤክሴል በዚያ ነው አማርኛውን የሚያውቀው።