መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲሸት፦ መቼ ነው የሚሸተው? ከየትስ?

ቤንዚን የሚሸት መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «የቤንዚን ፓምፑ ነው፣ ይቀየር» የሚል ነው። ፓምፕ ውድ ነው። ሽታው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፓምፑ አናት ላይ ካለች አንዲት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ)፣ ከደረቀ ቱቦ ወይም በቅጡ ካልተዘጋ የመሙያ ክዳን ነው። ስለዚህ መፍታት ከመጀመሩ በፊት ሽታው የሚመጣበትን ሰዓትና የሚበረታበትን ቦታ ያዙ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። መኪናው ሥር ጠብታ ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ ገፍታችሁ አየር ወዳለበት አውጡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥም ይጠራቀማል። እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚያፈስ መኪና መሥራት አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም። ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ጋ መንገዱ ተዘግቶ ስትቆሙ መስኮቱን ዘግታችሁ የውጭ አየር ማስገቢያውንም ዝጉት። ሽታው ከቀነሰ የሚገባው ከውጭ ነው፤ ወይ ከፊታችሁ ካለው መኪና፣ ወይ ከራሳችሁ ሞተር። የውጭ አየር የሚገባው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ስለሆነ ኮፈን ውስጥ የሚያፈስ ቤንዚን ቀጥታ ወደ አፍንጫ ይመጣል። ሌላ መኪና በሌለበት ቦታ ብትደግሙት የማን እንደሆነ ይለያል። አየሩ ተዘግቶም ሽታው ካለ፣ በተለይ ኋላ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ካማረረ፣ ነገሩ ከሰልባትዮ (ከቤንዚን ታንከሩ) በኩል ነው።

ጠዋት ሸቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የኢንጄክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ጎሚኒዎችንና የቱቦ መገጣጠሚያዎችን ተመልከቱ። የደረቀ ጎማ በብርድ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ መልሶ ይዘጋል። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን እርጥቡን ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የነካው ቦታ ላይ ግን አቧራው ታጥቦ ጥርት ያለ መስመር ወይም ቡናማ እድፍ ይቀራል። ለዚህ ነው ከፍተሻ በፊት ሞተር አታሳጥቡ የምለው፤ ማስረጃው አብሮ ይታጠባል።

በኢንጄክሽን መኪና መስመሩ ውስጥ 3 ባር አካባቢ ግፊት አለ። ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ሞተሩን አስነሱትና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትወርዱ «የቤንዚን ቱቦ» ብቻ አትበሉ፤ ለኢንጄክሽን ግፊት የተሠራውን ጠይቁ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። የውሃ ቱቦ በቤንዚን አብጦ ይበሰብሳል። አዲሱ ቱቦ ብረቱ ላይ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ደግሞ ከብረቱ እብጠት ኋላ ይጥበቅ። በሽቦ መጠምጠም አይሆንም፤ ሽቦው ቱቦውን ይቆርጠዋል። የኢንጄክተር ጎሚኒ ሲገባ በአንድ ጠብታ የሞተር ዘይት ይራስ፤ ደረቁን ከተገፋ ይቀደዳል።

ፉል በተሞላ ማግስት ብቻ የሚሸት መኪና ሌላ ታሪክ አለው። መጀመሪያ የመሙያውን ክዳን አይታችሁ ጎሚኒው ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ክዳኑ ደህና ከሆነ ወደ ፓምፑ አናት ሂዱ። ቪትዝና ያሪስን በመሳሰሉት መኪኖች የኋላውን መቀመጫ ስታነሱ ክብ ክዳን ታገኛላችሁ፣ ከሥሩ ፓምፑ አለ። ፓምፕ ወይም የፓምፑ ወንፊት የተቀየረለት መኪና ከሆነ እዚህ ጋ ሰፊ ጊዜ ስጡ። ቤንዚን ውስጥ የቆየ ጎሚኒ አንዴ ከወጣ ያብጣል፣ ወደ ቦይው አይመለስም። በግድ ሲገፋ አንድ ጎኑ ይቆነጠጥና በዚያች ቦታ ሰልባትዮው ሲሞላ ያልባል። ይህን ለመሸፈን ሲሊኮን ይቀባል፤ ተራ ሲሊኮን ግን ቤንዚን ስለማይችል በጥቂት ጊዜ እንደ ማስቲካ ይላላል፣ ፍርፋሪውም ሰልባትዮ ውስጥ ገብቶ ወንፊቱን ይደፍናል። መፍትሔው ለሞዴሉ የሚሆን አዲስ ጎሚኒ ነው። ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉ፣ ብሎኖቹን በየተራ በመስቀል አቅጣጫ አጥብቁ።

እዚሁ ላይ ስለ አሞላል አንድ ቃል። መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ። ትነት የሚያጣራው የከሰል ማጠራቀሚያ የተሠራው ለትነት እንጂ ለፈሳሽ አይደለም፤ ፈሳሽ ከገባበት ይበላሻል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቤንዚንም ይበልጥ ይተናል። እስከ አፉ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቢሸት አይገርምም።

ሽታው ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) ከሆነና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን) አውጡ፤ በቤንዚን የራሰው የትኛው ሲሊንደር እንደማያቃጥል ይነግራችኋል። የዘይት መለኪያው ቤንዚን ከሸተተና ዘይቱ ከፍ ካለ መኪናውን አትንዱ፤ ዘይቱ ቀጥኗል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የተቀደደ የፓምፕ ጎማ ነው። የተበሳ ሰልባትዮ ደግሞ በውሃ ታጥቧል ተብሎ አይበየድ፤ ባዶው ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል።

ጥገናው ሲያልቅ ሞተሩን 5 ደቂቃ አስነስታችሁ መገጣጠሚያዎቹን በነጭ ሶፍት ዳብሱ። ሰልባትዮው ከተነካ ፉል አስሞሉና እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ቁልቁለት ላይ አሳድሩት፤ አንድ ሌሊት አፍንጫውን ወደ ታች፣ በማግስቱ ወደ ላይ። ጠዋት መቀመጫውን አንስታችሁ ጎሚኒው ዙሪያ ሶፍቱን አዙሩ፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ክዳኑን መልሱ።