የሐሳቡ ባለቤት ማን ነው?

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር በምንሠራ ሴቶች ላይ የሚደርሰው ንቀት አብዛኛውን ጊዜ በስድብ አይገለጽም፤ ይልቁንም በስብሰባ ያቀረብነው ሐሳብ በዝምታ ታልፎ፣ ጥቂት ቆይቶ አንድ ወንድ ባልደረባ ሲደግመው ምስጋና ሲጎርፍለት ይታያል። ፒያሳ አካባቢ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ እንግዳ የዳታቤዙን ንድፍ የሠራችውን ጓደኛዬን አልፎ፣ ጥያቄውን ሁሉ አጠገቧ ለተቀመጠው ጀማሪ ወጣት ሲያቀርብ አይቻለሁ፤ እርሷ ብትመልስለትም እንኳ ማረጋገጫ የሚጠብቀው ከልጁ ነበር። ቡና እንዲቀርብ ወይም ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ሲፈለግ ግን ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል።

ችግሩ የከተማችን ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፕሮግራመሮች ኮድ በሚጋሩበትና አብረው በሚሠሩበት ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሴቶች ካቀረቡት የኮድ ለውጥ 78.7 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 74.6 በመቶው ተቀባይነት ማግኘቱን አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ለፕሮጀክቱ እንግዳ የሆኑ ሴቶች ጾታቸው በግልጽ ሲታወቅ የተቀባይነታቸው መጠን ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ችሎታው እያለ ስሟ መታየቱ ብቻ ይጎዳታል።

በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች እንደነበሩ፣ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐርም በ1952 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) አንዱን እንደሠራች ለተማሪዎቻችን ሊነገራቸው ይገባል።

ለጊዜው፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ተራ በተራ እንዲሆንና እያንዳንዱ ሐሳብ ከአቅራቢው ስም ጋር እንዲመዘገብ የስብሰባችንን አስተባባሪዎች ጠይቄአለሁ።