ዲሽ ለማሠራት የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት የለብንም

ዝናቡ ጋብ ሲል ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ አካባቢ ቀና ብላችሁ እዩ። አንድ ልጅ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ቆሞ ዲሽ ያዞራል፣ ከታች ደግሞ "መጣ! ኧረ ጠፋ! መልሰው!" የሚል ጩኸት ይሰማል። እኔን የሚያናድደኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ የሚያስወጣው ነገር አለመኖሩ ነው።

የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የምናይበት የኢትዮሳት ሳተላይት ያለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ከፍታው ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ነው። በጣም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ ያለ ግንብ ሲግናል የሚጋርደው ከዲሹ በላይ ያለው ቁመቱ ከርቀቱ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ነው። 9 ሜትር የሚሆን ፎቅ ከዲሹ 5 ሜትር ከራቀ፣ ዲሹ መሬት ላይ ቢቀመጥም አያግደውም።

ጣሪያ የመውጣቱ ልማድ ከናይልሳት ጊዜ የቀረ ይመስለኛል። እሱ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከእኛ ሲታይ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ በቤትና በዛፍ በተጨናነቀ ሰፈር ከፍታ ይፈልጋል። በ2012 ብዙዎቹ ጣቢያዎቻችን ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሹን አዞርነው፣ ልማዱን ግን አልቀየርነውም።

አከራያችን "ዲሽ መሬት ላይ ይሠራል እንዴ ልጄ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "ሰማዩ ካልተጋረደበት ይሠራል እማማ" አልኳቸው። አላመኑኝም፣ እስኪያዩት ድረስ።

ግቢ ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ አሮጌ ጎማ ውስጥ ስሚንቶ ሙሉና ብረቱን አቁሙበት። ብረቱ በቱንቢ ቀጥ ይበል፤ ከተጣመመ ሲግናል ፍለጋው ያደክማል። ልጆች ከሚጫወቱበትና ልብስ ከሚሰጣበት ይራቅ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ብሎኬቱን እወቁት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር በደንብ አይዝም፣ ንፋስ ሲመጣ ዲሹ ተነቅሎ መንገደኛ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከኮንክሪት ኮለኑ ጋር እሰሩት፣ ካልሆነ ግድግዳውን አልፎ ከወዲያ በኩል የሚታሰር ቡሎን ይሻላል።

ጣሪያ የግድ ከሆነስ? መጀመሪያ የመብራት ሽቦውን እዩ። እኛ ሰፈር ሽቦው ከጣሪያ ጠርዝ በክንድ ርቀት የሚያልፍበት ቤት ሞልቷል። የዲሹ ብረት ቢወድቅ ሽቦው ጋ የሚደርስ ከሆነ ቦታው አይሆንም፣ በቃ፣ ሲግናሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር። ኬብልም በሽቦ ላይ አሻግሮ መወርወር የለም። ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ ሚስማሩ የተመታበትን መስመር ርገጡ፣ ሥሩ እንጨት አለ። መሰላሉ 4 ሜትር ከወጣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ አንድ ሰውም ይያዘው።

ብዙ ሰው የሚንቀው ሌላ ነገር አለ። ኬብል ሲታሰር ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ወደ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ወዳለው ሲግናል ተቀባይ፣ የሚሄደው 13 ወይም 18 ቮልት ነው፣ እሱ ሰው አይጎዳም። ግን ኧርዝ የሌለው ሪሲቨር በኬብሉ ብረት በኩል ነዘር ሊያደርግ ይችላል። ሳሎን ውስጥ ቢነዝራችሁ ትስቃላችሁ። ጣሪያ ጫፍ ላይ ግን ያቺው ነዘር አስደንግጣ ትጥላለች።

ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ይበል፣ የዝናብ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹን ኬብልም የመብራቱንም ንቀሉ።

ዲሽ ሠሪ ካስጠራችሁ ደግሞ አታጣድፉት። ጣሪያው እርጥብ ከሆነ ነገ ና በሉት። ማታ ጨዋታ ካለ ጎረቤት ሄዳችሁ እዩ፣ ቡናም አይጠፋም።