ጠባይ ወይስ ጸባይ?

ዛሬ ጠዋት ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩና በአንድ ቃል ስብሰለሰል ዋልኩ። እማማ የልጅ ልጃቸውን «ጠባይ ይኑርህ እንጂ!» ብለው ሲቆጡት፣ ልጁ ደብተሩን አምጥቶ እሱ ግን «ጸባይ» ብሎ እንደጻፈ አሳየንና የቱ ነው ትክክል አለን።

እኔ ቶሎ ብዬ «በጸ ነው» አልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩት ሼህ ግን «አይ ልጄ፣ በጠ ነው። ዐረብኛው ጠቢዓ ይላል፣ ተፈጥሮ ማለት ነው፤ ሲበዛ ጠባኢዕ ይሆናል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግዕዙም «ጠባይዕ» ነው፣ ከዐረብኛው የተወሰደ። ሥሩ ደግሞ ማተም፣ ማኅተም ማሳረፍ ማለት ነው! ጠባይ ሰው ላይ የታተመ ነገር ነው ማለት ነው፤ ይቺ ነገር ልቤን ነካችው። «ጸ»ው የገባው፣ ጾምን ጦም፣ ጸጉርን ጠጉር ስለምንል ጠ ሁሉ የተበላሸ መስሎን ስናርም ይመስለኛል።

ባሕርይም እንዲሁ ደስ ይላል። በግዕዝ ዕንቁም ማለት ነው፣ ያ ከባሕር የሚወጣው። አመል ግን ሌላ ነው፣ እሱን ሰው ይደብቀዋል፤ «አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ» ይባል የለ?

በረካው ሲቀዳ ልጁ ጸን ሰርዞ ጠ ጻፈ። ተሳስቼ ነበር ብሎ አቀርቅሯል። እማማ ራሱን ዳበስ አድርገው «አብሽር» አሉት።