የ1960 ዘይት

ጋሼ ጋራዡ በር ላይ ካርቶን ይዘው ቆመዋል። ነጭ ካርቶን ነው። መሀሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ሦስት ጥቁር ጠብታዎች አሉበት።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉኝ።

“ዘይት ነው ጋሼ።”

“ዘይት መሆኑንማ አፍንጫ አለኝ። የማን ሥራ ነው?”

የሳቸው ሞተር ሳይክል ሆንዳ ድሪም ነው፣ 305 ሲሲ። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ የገዙት ነው፤ ከልጆቻቸው ይበልጣል። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ክዳን ማለት ነው፣ አውርጄ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያልፍ መሀል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ነድቼ አይቼዋለሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እሳቸው ግን በነጋታው ፍሪዌይ አወጡትና እስከ ሎንግ ቢች ለቀቁት።

እዚህ ላይ “ይቅርታ፣ ያስገቡትና ልየው” ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ታሪክ ጀመርኩ።

ታሪኩ ደግሞ እውነት ነው። ሆንዳ አሜሪካ የገባው በፈረንጆቹ 1959 ሰኔ ላይ ነው። ቢሮው እዚሁ ፒኮ መንገድ ላይ ነበር፣ ቁጥር 4077፤ ፌርፋክስ ካለው የኛ ሰፈር በሞተር የደቂቃዎች መንገድ። ኃላፊው ካዋሺማ የሚባል የ39 ዓመት ሰው ነው። ሠራተኞቹ ኪራይ ቤት ተዳብለው፣ አንዳንዶቹም ወለል ላይ እየተኙ፣ የመጋዘኑን ሳጥን በእጃቸው ይደረድሩ ነበር። ተስፋ የጣሉት ትልልቆቹ ላይ ነው፣ 250ና 305 ላይ። የአሜሪካ ሰው ትልቅ ነገር ይወዳል ብለው። የኩባንያው መሥራች ሚስተር ሆንዳ ራሱ የነዚህ ሞተሮች መሪ የቡድሃን ቅንድብ ይመስላል፣ ለገበያ ጥሩ ነው ይል ነበር አሉ። እኔ ቅንድቡን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ምንም አይታየኝም።

በ1960 ጸደይ ላይ ጉዱ ፈላ። አሜሪካኖች ጃፓን ውስጥ ከሚነዳው በላይ ሩቅና ፈጥነው ይነዳሉ። ሞተሮቹ ዘይት ማፍሰስ፣ ፍሪሲዮናቸውም መበላት ጀመረ።

“እና ጋሼ፣” አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ “ይሄ የዘር በሽታ ነው። ድሪም ፍሪዌይ ላይ ያፈሳል።”

ጋሼ ካርቶኑን ቀስ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ደረሰኝ መጻፊያዬ ላይ።

“ከዚያስ ምን አደረጉ?”

“እነማን?”

“ጃፓኖቹ።”

“የተበላሹትን በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ላኩ። እዚያ ሌት ተቀን ፈትሸው ጓርኒሲዮኑንና የፍሪሲዮኑን ሞላ እንደ አዲስ ሠሩት።”

“በስንት ጊዜ?”

“በአንድ ወር ገደማ።”

“ታዲያ የኔ የ1966 ነው፣” አሉ። “ከተስተካከለ ከስድስት ዓመት በኋላ የተሠራ። ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ደንበኛ ሲመጣባቸው ታሪክ ነው ያወሩለት?”

ጥግ ላይ ጎማ የሚቀይረው ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። አማርኛ የማይሰማ ይመስለኝ ነበር።

ሞተሩን አስገባሁት። ስከፍተው ከቴስታታው ዳዶዎች ሁለቱ በጣት ሊፈቱ ምንም አልቀራቸውም። እውነቱን ለመናገር በግምት ነው ያጠበቅኳቸው። የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳየው ቁልፍ የዚያን ቀን ቦታው ላይ አልነበረም። ማን ወስዶት እንደነበር አልናገርም። እሱ ራሱ ያውቃል፤ ይሄን ካነበበም የ10 ቁጥር ቁልፌን አብሮ ይመልስልኝ። አንዴ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ደግሜ ማየት ነበረብኝ፣ እሱንም አላየሁም። አዲስ ጓርኒሲዮን በኪሴ ገዛሁ፣ የእጅ ዋጋም አልጠየቅኩም።

ሰውየው ሲወስዱት አላርፍ ብዬ ታሪኩን ጨረስኩላቸው። እነካዋሺማ ለመላላኪያ የሚነዷት ትንሿ ሆንዳ 50 ነበረች። የመንገዱ ሰው ዓይን እሷ ላይ ነው፤ ሲርስ ለሚባለው ትልቅ መደብር ዕቃ የሚገዛው ሰው እንኳ ደውሎ ጠይቋል። እነሱ ግን ስማችን እንደ መጫወቻ ይቆጠራል ብለው ፈሩ። ትልልቆቹ ሲሰበሩባቸው ነው ወደ ትንሿ የዞሩት። በ1963 ማስታወቂያው ሆንዳ ላይ የሚቀመጠው ደግ ደጉ ሰው ነው የሚል ነገር ይዞ መጣና አገሩን ሁሉ ሞላው። ኋላ ሰው ይሄን ሁሉ አስቀድሞ የታቀደ ስልት አድርጎ ያወራዋል። የኛም አለቃ በየሰኞው ስብሰባ “ሆንዳ በፕላን ነው ያሸነፈው” ይለናል። አንድ ቀን ልነግረው አስባለሁ፤ ሰኞ ሲደርስ ግን ዝም እላለሁ።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። “ጥሩ ታሪክ ነው፣” አሉና አስነሥተው ሄዱ።

አሁን ፌርፋክስ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ሞተሩን ሁሉም በሚያየው ቦታ ያቆሙና ያንን ካርቶን ከሥሩ ያነጥፋሉ። ያቺኑ ባለሦስት ጠብታዋን። አራተኛ እስካሁን አልተጨመረም። እኔን ሲያዩ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው ከወዲያ ማዶ ይጣራሉ፦

“አንተ! አውሮፕላኑ ገባ?”